ለበረንዳና ለጣራ አትክልት ሐሳብ ፍለጋ፦ በዲሲ አካባቢ የትኛው የአትክልት ስፍራ ይሻላል?

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ከምንኖር ሐበሾች ብዙዎቻችን መሬት የለንም። ያለን በረንዳ ነው። አንዳንዱ ታውንሃውስ አለው፣ ከኋላው ትንሽ ግቢ፤ አንዳንዱ ደግሞ ጠፍጣፋ ጣራ አለውና "እዚህ ላይ ምን ባደርግበት ይሻላል?" ብሎ ያስባል። ጸደይ ሲመጣ ሁላችንም መደብር ገብተን ያማረንን ገዝተን እንወጣለን። ችግሩ መደብር ውስጥ ያለው ተክል ገና ከግሪንሃውስ መውጣቱ ነው። በኦገስት ፀሐይ፣ ከኮንክሪት በሚመለሰው ሙቀት ውስጥ ምን እንደሚሆን አይነግራችሁም።

ያንን የሚያሳያችሁ የሕዝብ የአትክልት ስፍራ ነው። እዚያ ባለሙያ ተክሎታል፣ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ይቆማል፣ የሞተው ይነቀላል፣ የቻለው ይቀጥላል። ደስ የሚለው ደግሞ እዚህ አካባቢ ያሉት አብዛኞቹ መግቢያ አያስከፍሉም። ግን ብዙ ናቸው፣ ሁሉም "በጣም ያምራል" ይባልላቸዋል፣ እውነትም ያምራሉ። ለበረንዳ ሐሳብ የሚፈልግ ሰው ግን ውበት ብቻ አይበቃውም። አንድ ቅዳሜ ነው ያላችሁ፣ ስለዚህ የት እንደምትሄዱ አውቃችሁ ውጡ።

በምን እንመዝናቸው?

መጀመሪያ ልክ። የምታዩት ነገር ቤታችሁ ይገባል ወይ? ሰፊ ሜዳ ላይ በመቶ የሚቆጠር ቱሊፕ ማየት ደስ ይላል፣ ለሁለት ሜትር በረንዳ ግን ምንም አይነግርም። የምትፈልጉት በአንድ ፖት ውስጥ ሦስት ወይም አራት ተክል እንዴት እንደተቀናጀ፣ ግድግዳ ሥር ያለች ጠባብ መደብ እንዴት እንደሞላች የሚያሳይ ቦታ ነው።

ሁለተኛው፣ እኔ ከሁሉም አስበልጬ የማየው፣ የአፈር ጥልቀትና ክብደት ነው። አረንጓዴ ጣራ ሲባል ሁለት ዓይነት አለ። ቀጭኑ ከ3 እስከ 6 ኢንች አፈር አለው፣ ውሃ ሲጠግብ በካሬ ጫማ ከ15 እስከ 50 ፓውንድ ገደማ ይመዝናል። እዚህ ላይ በደንብ የሚበቅለው ሴደምና የመሳሰለው፣ በወፍራም ቅጠሉ ውሃ የሚያጠራቅም አጭር ተክል ነው። ወፍራሙ ከ6 ኢንች በላይ አፈር አለው፣ ቁጥቋጦና ዛፍ ሳይቀር ይይዛል፣ ክብደቱም በካሬ ጫማ ከ80 ፓውንድ ተነስቶ 150 ሊደርስ ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የቤት ልዩነት ነው፤ ወፍራሙን የሚሸከም ጣራ ከመጀመሪያው ለዚያ ተብሎ የተሠራ ነው። ደግሞ "አፈር" እንበለው እንጂ ከግቢ የተቆፈረ አፈር አይደለም። በእሳት ተጠብሶ ቀለል ያለ የሸክላ ወይም የድንጋይ ፍርፋሪ ነው፣ ከጥቂት ኮምፖስት ጋር የተቀላቀለ። ከሥሩ አፈሩን የሚያጣራ ጨርቅ፣ ውሃ የሚወርድበት ንጣፍ፣ ሥር የሚያግድ ንጣፍ፣ ከሁሉም በታች ደግሞ ውሃ የማያስገባው ንጣፍ አለ። ከእነዚህ አንዱ ከተጓደለ ችግሩ የሚታየው ሳሎን ውስጥ ነው።

በረንዳም ቢሆን ከዚህ ሒሳብ ነጻ አይደለም። 60 ሊትር የሚይዝ ፖት ውሃ ሲጠግብ ከ50 ኪሎ በላይ ሊደርስ ይችላል። አራቱን ጥግ ላይ ደርድሩና ሦስት ትልልቅ ሰዎች ቀን ከሌሊት በረንዳችሁ ላይ ቆመዋል ማለት ነው። ስለዚህ የአትክልት ስፍራ ስትጎበኙ "ምን ተክል ነው?" ብቻ ሳይሆን "በስንት ስንዝር አፈር ነው የበቀለው?" ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ስንዝር 8 ኢንች ገደማ ነው፣ በዓይን ለመለካት ይበቃል።

ሌሎቹ መመዘኛዎች ቀለል ይላሉ። ፀሐዩና ነፋሱ የእናንተን ቤት ይመስላል ወይ? ተክሉ ላይ የስም ምልክት አለ ወይ? ስሙን ካላወቃችሁ ነገ መደብር ውስጥ አታገኙትም። የሚበላ ነገር፣ ቃሪያ፣ ጎመን፣ ቅመም ያሳያል ወይ? በመጨረሻም መድረሻው፦ ባቡር፣ ፓርኪንግ፣ ለእማማና ለሕፃን ጋሪ የሚመች መንገድ።

ሃውፕትና ሪፕሊ፣ ናሽናል ሞል ላይ

እነዚህን ሁለቱን አብሬ የማነሳው ጎረቤት ስለሆኑ ነው፤ በእግር ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ደቂቃዎች ይበቃሉ። ሁለቱም የስሚዝሶኒያን ናቸው።

ኢኒድ ሃውፕት ጋርደን በ1987 የተከፈተ ነው፣ ስፋቱ 4.2 ኤከር። ብዙ ሰው በላዩ ላይ ሲሄድ የማያውቀው ነገር አለ፦ ጣራ ነው። ከእግራችሁ በታች ሙዚየሞች አሉ፣ አንዱም የአፍሪካ ጥበብ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። የአበባ መደቡ፣ የውሃ ፏፏቴው፣ በማርች መጨረሻ የሚያብቡት ማግኖሊያዎች፣ ሁሉም በዚህ አትክልት ውስጥ ናቸው። አረንጓዴ ጣራ ማለት ሣር የበቀለበት የጋራዥ ክዳን ብቻ የሚመስለው ሰው እዚህ መጥቶ ይቁም። ጣራው ተዘጋጅቶ ከተሠራ ምን ያህል ሊሸከም እንደሚችል የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ቦታ በከተማው ውስጥ አላውቅም።

ለቤታችሁ ልክ ግን አይደለም። ይህ ወፍራሙ ዓይነት ነው፤ ሕንፃው ከመሬት በታች ሲሠራ ታስቦበት ነው። የእናንተ ታውንሃውስ ጣራ አይችለውም። ከዚህ የምትወስዱት ሐሳብ ሌላ ነው፦ ትልልቆቹን የአበባ ማስቀመጫዎች እዩ። ረጅም ተክል መሐል፣ የሚሰፋው ዙሪያውን፣ የሚንጠለጠለው ጠርዙ ላይ። ይህ አሠራር በ15 ዶላር ፖትም ይሠራል። ካስል የሚባለው ቀይ ሕንፃ በ2023 ለእድሳት ስለተዘጋ፣ የትኛው መግቢያ ክፍት እንደሆነ ከመውጣታችሁ በፊት ድረ ገጻቸው ላይ አረጋግጡ።

ሪፕሊ ጋርደን ግን ለበረንዳ ሰው የተሠራ ነው ብል አላጋነንኩም። በአርትስ ኤንድ ኢንደስትሪስ ሕንፃና በሂርሽሆርን ሙዚየም መካከል ያለች ጠባብ፣ ጠመዝማዛ መንገድ ናት። መጀመሪያ የታሰበችው አካል ጉዳተኞችም የሚያሸቱትና የሚነኩት አትክልት እንድትሆን ነበር፤ ለዚህ ነው መደቦቹ በጡብ ከፍ ተደርገው የተሠሩት። ከፍ ያለ መደብ ማለት ደግሞ ትልቅ ፖት ማለት ነው። አፈሩ በግድግዳ ተከብቧል፣ ዙሪያው ሕንፃ ነው፣ ጥላና ፀሐይ በሰዓታት ውስጥ ይቀያየራሉ። የአፓርትመንት በረንዳም እንደዚሁ ነው። ተንጠልጣይ ቅርጫቶች አሉ፣ ጥቂት ጫማ በማትሞላ ቦታ ላይ ብዙ ዓይነት ተክል ተጨናንቆ ሲኖር ታያላችሁ። ቁጭ ብላችሁ አንድ ጥግ ብቻ በደንብ እዩ። ሁሉን ለማየት መሮጥ አያስፈልግም።

ሁለቱም ለባቡር ይመቻሉ፣ ስሚዝሶኒያን ወይም ላንፋንት ፕላዛ ጣቢያ ውረዱ። በመኪና ከሄዳችሁ ፓርኪንጉ ትዕግስት ይጠይቃል። የሚበላ ነገር ፍለጋ ከሆነ ግን ሌላ ቦታ ሂዱ።

የአሜሪካ ቦታኒክ ጋርደን፣ ካፒቶል አጠገብ

ኮንግረስ በ1820 ያቋቋመው ነው፣ ትልቁ የመስታወት ቤት ደግሞ የ1933 ነው። ሰው ሁሉ ወደ መስታወቱ ቤት ነው የሚገባው። ግቡ፣ በተለይ በረንዳችሁ ጥላ ከሆነ ወይም ቤት ውስጥ የሚያድግ ተክል ከፈለጋችሁ። የበረሃ ተክሎች ክፍል ደግሞ ለጣራ አሳቢ ትምህርት ነው፦ ወፍራም ቅጠል፣ ሰም የመሰለ ቆዳ፣ ወደ መሬት የተጠጋ ቁመት። እነዚያን ተክሎች ራሳቸውን ዲሲ ጣራ ላይ አትተክሏቸውም፣ ክረምቱ ይገድላቸዋል። ጠባያቸውን ግን ካወቃችሁ ሴደም ለምን ጣራ ላይ እንደሚኖር ይገባችኋል።

ለእኔ ግን ዋናው ቁም ነገር ያለው ኢንዲፔንደንስ አቬኑን ተሻግሮ ባርቶልዲ ጋርደን ነው። የነጻነት ሐውልትን የሠራው ባርቶልዲ የሠራው ፏፏቴ መሐሉ ላይ ቆሟል። ዙሪያው ግን በተራ ሰው ቤት ልክ የተሠሩ መደቦች ናቸው። ከመንገዱ የሚወርደውን የዝናብ ውሃ ወደ መደብ የሚመሩበትን አሠራር እዩ። ታውንሃውስ ያለው ሰው የጣራውን አሸንዳ ውሃ ወዴት እንደሚልክ ከዚህ ይማራል። ለባቡር ፌደራል ሴንተር ጣቢያ ቅርብ ነው።

ናሽናል አርቦሬተም፣ ሰሜን ምሥራቅ ዲሲ

446 ኤከር ነው። በእግር አይጨረስም፣ መጨረስም የለባችሁም። ብዙ ሰው ለአዛሊያውና ለካፒቶል አሮጌ ዓምዶች ይሄዳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይመለሳል። ለፖት ተክል የመጣ ሰው ሁለት ቦታ ብቻ ይበቃዋል።

አንደኛው የቦንሳይ ሙዚየሙ ነው። እዚያ ከ1625 ጀምሮ በሰው እጅ ያደገ ጥድ አለ፤ በ1945 ሂሮሺማ ላይ ቦምብ ሲወድቅ ተርፎ በ1976 ለአሜሪካ ሕዝብ የተሰጠ። አራት መቶ ዓመት ገደማ፣ እንደ ትሪ በጠለቀች ዕቃ ውስጥ! "ፖት ውስጥ ዛፍ አይኖርም" የሚል ሰው ይህን ይይ። ምስጢሩ የሥር መከርከም፣ ፈጥኖ ውሃ የሚያወርድ አፈር፣ የማያቋርጥ ክትትል ነው። እናንተ ቦንሳይ ባትሠሩም ፖት ውስጥ ያለ በለስ ወይም ሎሚ በየሁለት ሦስት ዓመቱ ወጥቶ ሥሩ መከርከም እንዳለበት ከዚህ ትረዳላችሁ።

ሁለተኛው ከሙዚየሙ ብዙም የማይርቀው የቅመማ ቅመም አትክልት ነው፣ በ1980 የተከፈተ፣ ሁለት ኤከር ተኩል ገደማ። በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ኮሰረት ለሚያስብ ሐበሻ ይህ ቦታ ሌላ ጣዕም አለው። ደረቅ የሚወደው ከደረቅ ወዳጁ፣ ውሃ የሚወደው ከውሃ ወዳጁ ጋር ሲቀመጥ ታያላችሁ። ብዙዎቻችን ፖት ላይ የምንስተው ይህን ነው፤ በሶብላና ሮዝመሪን አንድ ላይ ተክለን አንዱ ይጠማል፣ ሌላው ይበሰብሳል። ምልክቶቹ ጥሩ ናቸው፣ መኪና ማቆሚያ ነጻ ነው። ባቡር ግን አጠገቡ አይደርስም።

ግሪን ስፕሪንግ ጋርደንስ፣ አሌክሳንድሪያ በኩል

የፌርፋክስ ካውንቲ ፓርክ ነው፣ ቱሪስት እምብዛም አያውቀውም። እኔ ግን ታውንሃውስ ያለው ሰው ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምልከው እዚህ ነው። ለምን? የተሠራው ሰው ቤቱ ሄዶ እንዲያደርገው ነው። ለታውንሃውስ ጠባብ ግቢ ማሳያ የሆነ መደብ አለ፣ የሚበላ ነገር የሚበቅልበት አለ፣ የድንጋይ አትክልትም አለ።

ይህ የድንጋይ አትክልት ለጣራ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ቀጭን አፈር፣ ጠጠር፣ ፈጥኖ የሚወርድ ውሃ፣ ቀን ሙሉ ፀሐይ። ቀጭን አረንጓዴ ጣራ ላይ ያለው ኑሮ ይህንኑ ይመስላል። እዚህ በምቾት የሚኖር ተክል ጣራችሁ ላይ የመኖር ዕድሉ ሰፊ ነው። ሴደምና እንደ እሱ ወፍራም ቅጠል ያለው ሴምፐርቪቩም ብቻ ሳይሆን ሌላም አማራጭ እንዳለ ታያላችሁ። ባለሙያ ወይም በጎ ፈቃደኛ ካገኛችሁ ጠይቁ፤ እዚህ አገር አትክልት የሚያለማ ሰው ተጠይቆ አይሰለችም። ባቡር አይደርስም፣ በመኪና ግን ከ395 ቅርብ ነው፣ ፓርኪንግም ችግር የለም።

ብሩክሳይድ ጋርደንስ፣ ዊተን

ሲልቨር ስፕሪንግና ዊተን ላለ ቤተሰብ ቅርብ ነው። ወደ 50 ኤከር፣ ሰፊ፣ ጸጥ ያለ፣ ልጅ የሚሯሯጥበት፣ እማማ የሚቀመጡበት። የመስታወት ቤት አለው። በበረንዳ ልክ የተሠራ ነገር ግን ከሪፕሊና ከግሪን ስፕሪንግ ያነሰ ነው የምታገኙት። ቤተሰብ ይዛችሁ ቀኑን ማሳለፍ ከፈለጋችሁ ጥሩ፤ ደብተር ይዛችሁ ሐሳብ ልትለቅሙ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሌላውን።

ሩቅ የሆነው፦ ቺካጎ ቦታኒክ ጋርደን

ቺካጎ ዘመድ ያላችሁ ወይም ለሥራ የምትሄዱ ከሆነ ይህን አትለፉት። በ2009 የተከፈተው የዕፅዋት ጥበቃ ሳይንስ ማዕከል ላይ 16,000 ካሬ ጫማ አረንጓዴ ጣራ አለ፣ ወጥታችሁ የምታዩት። ከ200 በላይ ዓይነት ተክል በ4፣ በ6 እና በ8 ኢንች አፈር ላይ ሞክረው የቻለውንና ያልቻለውን ለይተዋል። ከላይ "በስንት ስንዝር?" ያልኩት ጥያቄ እዚያ በተግባር ተመልሷል። ክረምታቸው ከዲሲ ይከፋል፣ ስለዚህ እዚያ ብርዱን የቻለ ተክል እዚህም ይችላል፤ የእኛን ወበቅ መቻሉን ግን ለብቻው ጠይቁ። መግቢያ ያስከፍላል።

ባጭሩ ሲነጻጸሩ

| ቦታ | ለፖት ሐሳብ | ለጣራ ሐሳብ | የሚበላ | መድረሻ | መግቢያ |
|---|---|---|---|---|---|
| ሪፕሊ | በጣም ጥሩ | መካከለኛ | የለም ማለት ይቻላል | ባቡር | ነጻ |
| ሃውፕት | ጥሩ | ወፍራሙን ለማየት ምርጥ | የለም | ባቡር | ነጻ |
| ቦታኒክ ጋርደንና ባርቶልዲ | ጥሩ፣ በተለይ ለጥላና ለቤት ውስጥ | መካከለኛ | ጥቂት | ባቡር | ነጻ |
| አርቦሬተም | ጥሩ፣ ቦንሳይና ቅመም | ዝቅተኛ | ቅመም | መኪና | ነጻ |
| ግሪን ስፕሪንግ | በጣም ጥሩ | ለቀጭኑ ጥሩ | አለ | መኪና | ነጻ |
| ብሩክሳይድ | መካከለኛ | ዝቅተኛ | ጥቂት | መኪና ይሻላል | ነጻ |
| ቺካጎ | ጥሩ | ከሁሉም የተሻለ | አለ | ሩቅ | በክፍያ |

እና የት ልሂድ?

በረንዳ ብቻ ካላችሁና በጀቱ ጠባብ ከሆነ ሪፕሊ። ከዚያ ስትመለሱ ውድ ፖት አትግዙ። ለምግብ የሚሆን የ5 ጋሎን ባልዲ፣ ሥሩ በደንብ የተበሳ፣ ለቃሪያም ለጎመንም ይበቃል። ገንዘባችሁን አፈሩ ላይ አውሉት፦ በከረጢት የሚሸጥ የፖት አፈር እንጂ የግቢ አፈር አይደለም፤ የግቢ አፈር ፖት ውስጥ ይጠጥራል፣ ይከብዳል። ቃሪያ ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል፣ ጎመን ባነሰም ይኖራል፣ ብርድም አይፈራም።

ታውንሃውስ ላለው ግሪን ስፕሪንግ፣ ጊዜ ካለ ባርቶልዲ ተጨምሮ።

ጣራ ላላችሁ ቅደም ተከተሉ ይለያል። ከአትክልት ስፍራ በፊት የሕንፃ መሐንዲስ። ኮንዶ ወይም የቤት ባለቤቶች ማኅበር ካለ ከእነሱ ፈቃድ በጽሑፍ። ከዚያ ግሪን ስፕሪንግ ሄዳችሁ የድንጋዩን አትክልት እዩ፣ ሃውፕትን ለምኞት እዩት። ዲሲ ከተማ ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ አስተዳደሩ ሪቨርስማርት ሩፍቶፕስ በሚል ፕሮግራም ለአረንጓዴ ጣራ የገንዘብ ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷል፤ የዝናብ ጎርፍ ወደ አናኮስቲያና ፖቶማክ ወንዞች የሚወስደውን ቆሻሻ ለመቀነስ ነው። ብር ከማውጣታችሁ በፊት አሁን ያለውን ሁኔታ ጠይቁ። መሐንዲሱ "አይችልም" ካለ አትከራከሩ፤ መሬት ላይ የሚቆም ፖት አለላችሁ።

የሐበሻ ቅመም ለሚተክል አርቦሬተም። ኮሰረት ውርጭ አይችልም፣ ስለዚህ ከፖት ውጭ አታስቡት፣ ውርጭ ከመጀመሩ በፊት ወደ ቤት ይገባል። የኛ ጤና አዳምም ከአውሮፓው ዘመዱ ይልቅ ብርድ ይፈራል። ልጆች ካሉ ደግሞ ጤና አዳሙን ራቅ አድርጉት፤ ጭማቂው ቆዳ ላይ ነክቶ ፀሐይ ሲመታው ያቆስላል።

መቼ? አብዛኛው ሰው በኤፕሪል ይሄዳል፣ ሁሉም ነገር የሚያምርበት ጊዜ ነው። ሐሳብ ፍለጋ ከሆነ ግን የእኔ ምክር ኦገስት አጋማሽ፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ውሃ ይዛችሁ፣ ባርኔጣ አድርጋችሁ። በዚያ ሙቀት ቀጥ ብሎ የቆመ ተክል የእናንተንም በረንዳ ይችላል። ከቻላችሁ በፌብሩዋሪ አንድ ጊዜ ድገሙት፣ ፖት ውስጥ ብርዱን ችሎ አረንጓዴ የቆየው የቱ እንደሆነ ለማየት። ፖት ውስጥ ያለ ሥር መሬት ውስጥ ካለው ይልቅ ስለሚበርደው፣ ዓመቱን ሙሉ ውጭ የሚቆይ ተክል ስትገዙ ካላችሁበት የብርድ ዞን (ቁጥሩ ሲያንስ ብርዱ ይብሳል) ሁለት ደረጃ የባሰ ብርድ የሚችል ምረጡ። እኛ ዞን 7 አካባቢ ነን፣ ስለዚህ ዞን 5 የተጻፈበትን።

ስልካችሁ ላይ መጀመሪያ የስም ምልክቱን፣ ቀጥሎ ተክሉን፣ ከዚያ ሙሉውን ፖት ራቅ ብላችሁ አንሱ። አለዚያ ቤት ስትደርሱ የቱ ስም የየትኛው ተክል እንደሆነ ይጠፋችኋል። ቅርንጫፍም ዘርም አትቁረጡ፣ ክልክል ነው። ስሙን ከያዛችሁ ተክሉን ራሱን ከችግኝ መሸጫ ታገኙታላችሁ።